ከክስ በፊት ዘጠና ቀን

የኢዮስያስ መንግሥቴ አምባር ቢጫ የሆነው ሰኔ ሦስት ቀን 2061 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሐዋሳ ቤቱ ውስጥ ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ ነው። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት የተበላሸ መስሎት ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ አምባሩ በረጋ የሴት ድምፅ መናገር ጀመረ።

«አቶ ኢዮስያስ መንግሥቴ፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ በቅድመ ክስ ምርመራ ላይ ነዎት። የተጠረጠሩበት ወንጀል፣ ራሷን መከላከል በማትችል ሰው ላይ የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ነው። የምርመራው ጊዜ ዘጠና ቀን ነው። በዚህ ጊዜ የሚናገሩት ሁሉ ይሰማል፣ ይመዘናል፣ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። መልካም ቀን።»

ሕጉ በአንድ ቤት የሚኖር ዐዋቂ ሁሉ እኩል እንዲያውቅ ስለሚያዝ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው ሰሚ መሣሪያ ያንኑ ቃል ለባለቤቱ ለቤዛዊት ደገመላት። ቤዛዊት የተማሪዎቿን ደብተር እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ኢዮስያስ የጥርስ ብሩሹን ከአፉ ሳያወጣ፣

«አላደረግኩም» አላት።

ከዚያች ቃል በኋላ በገዛ ቤቱ ውስጥ ለሰባ ቀን አልተናገረም።

ኢዮስያስ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የግል የአጥንት ክሊኒክ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የተሰበረ ሰው ዳግም እንዲራመድ ማድረግ፣ የደረቀ ትከሻ ማፍታታት፣ ሽማግሌዎችን ሞቅ ያለ ገንዳ ውስጥ ማንቀሳቀስ ነበር ሥራው። ቤዛዊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። አንድ ልጃቸው የሺመቤት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንደ አብዛኞቹ የእሷ ዘመን ልጆች የቅድመ አያቷን ስም ነው የያዘችው።

ልጅ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ምርመራ ሲከፈት የውስጥ በሮች ለተጠርጣሪው አይከፈቱም። ኢዮስያስ በዚያው ቀን ፍራሹን ተሸክሞ ግቢው ጥግ ላይ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ገባ። ሽንኩርት፣ አሮጌ ብስክሌትና የየሺመቤት የሕፃንነት አልጋ የሚቀመጡባት ክፍል ናት። ቤዛዊት ምግቡን በሰሃን አድርጋ ደፍ ላይ ታኖርለታለች። «ምሳህ እዚህ ነው» ትላለች። እሱ ራሱን በአክብሮት ዝቅ ያደርጋል። ስትርቅ ወጥቶ ይወስዳል።

ክሊኒኩ በደብዳቤ አሰናበተው። ጠበቃ ቢሮ ሄዶ ለመመለስ ባጃጅ ፈለገ። ባጃጆቹ ሾፌር የላቸውም፤ የተሳፋሪውን አምባር አይተው ነው የሚቆሙት። ሴት የተሳፈረችበት ባጃጅ ለእሱ አይቆምም። ወንዶች ብቻ ያሉበት ይቆማል፤ ሰዎቹ ግን ወደ አንድ ወገን ይጠጋሉ። በሁለተኛው ቀን በእግሩ መሄድ ጀመረ። ሱቅ ሲሄድ በሩ «ይጠብቁ» ይለዋል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ገዝተው እስኪወጡ ውጭ ይቆማል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ዳቦ ለመግዛት አንድ ሰዓት ይቆማል። ቢጫ ለስርቆትም ለድብድብም ይበራል። ነገር ግን በር ላይ ቆሞ ሴቶች እስኪወጡ የሚጠብቅ ቢጫ የምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

ጠበቃዋ ወይዘሮ ሶልያና ተክሉ ትባላለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ቢሮዋ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ካለው የስም ሰሌዳ ሥር አንድ ሰው በሚስማር «የደፋሪ ጠበቃ» ብሎ ጭሯል። አላስጠፋችውም። ከውስጥ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ፣ ሰሚ እንዳይኖርባት የተፈቀደላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። መስኮት የላትም። አንድ ተጠርጣሪ እዚያች ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚችለው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው።

«ጠዋት ለባለቤትዎ አንድ ቃል ተናግረዋል» አለችው፣ መጀመሪያ እንደተቀመጠ። ከኪሷ ቆሎ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። «ተመዝኗል።»

«አላደረግኩም ነው ያልኳት።»

«አርባ አንድ አግኝቷል። እውነት ለመባል ስድሳ ያስፈልገዋል።»

«እንዴት አርባ አንድ? እውነቴን እኮ ነው!»

«አፍዎ ውስጥ የጥርስ ሳሙና ነበር። ድምፅዎ ተዛባ፤ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ብሎ መዘገበው።» ቆሎውን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «ይብሉ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ክፍል ውጭ አይናገሩም። ለሚስት አይናገሩም፣ ለልጅ አይናገሩም፣ ለጎረቤት አይናገሩም። ብቻዎን ሆነው አይናገሩም። አይጻፉም። የግቢው ካሜራ ራስ መነቅነቅንም ይመዝናል፤ ስለዚህ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ ራስዎንም አይነቅንቁ።»

«ዝም ካልኩ ያደረግኩት ይመስላል እኮ።»

«ለሰው ይመስላል። ዝምታ ግን ነጥብ የለውም። ክስ ከተመሠረተ በኋላ የእኔ ሥራ ልመና ነው፤ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ይፈረድባቸዋል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው ሥራ የሚሠራበት። ዘጠና ቀን አለን።»

ኢዮስያስ የተጠረጠረበትን ዝርዝር ያወቀው ከእሷ ነው። ግንቦት ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ክሊኒኩ ውስጥ በክፍል አራት። ተበዳይዋ ዘቢደር የምትባል የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት፤ የሐይቁ ጀልባዎች ማኅበር ሠራተኛ። መሳፈሪያው ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተጎድቶ ነበር የመጣችው። ሰመመን ተሰጥቷት ጉልበቷ ከተሠራ በኋላ ክፍል አራት ውስጥ ተኝታ ሳለ አንድ ሰው ደፍሯታል። ግማሽ ነቅታ፣ ግማሽ ተኝታ ነበር። ፊት አላየችም። ሰመመኑ ያመጣው ቅዠት ይሆን ብላ አሥራ አንድ ቀን ከራሷ ጋር ተሟግታ፣ በመጨረሻ ለሐኪም ተናገረች። ሐኪሙ ጉዳቱን አረጋገጠ፤ የሰውየውን ማንነት የሚያሳይ ነገር ግን ከሰውነቷ ጠፍቶ ነበር። የቀረው የበሩ መዝገብ ብቻ ነው። በሩ ደግሞ በዚያ ሰዓት የገባ የአንድ ወንድ አምባር ብቻ ነው የመዘገበው፤ የኢዮስያስን። ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥር እስከ ዘጠኝ ከሃያ ሁለት።

«ጉልበቷን የሚያንቀሳቅሰውን ማሽን ላስተካክል ነው የገባሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«እሺ።»

«አድርገኸዋል ወይ ብለው አይጠይቁኝም?»

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«መልስዎ ምንም አይሠራልኝም። እኔን የሚጠቅመኝ በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ሁሉ ነው። ሰውም ዕቃም።»

ኢዮስያስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐይቁን ታኮ ሄደ። አንድ ሰው እንኳ፣ የሚከራከርለት ሰው እንኳ፣ ሊጠይቀው አለመፈለጉ ከቢጫው ይልቅ ከበደው።

በሦስተኛው ሳምንት የሺመቤት መጣች። ከትምህርት ቤት መመለሷ ነው፤ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። ወደ ሰርቪሱ ከአምስት ሜትር በላይ መጠጋት አትችልም። ግቢው መሃል፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመች።

«አባዬ።»

በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«ክፍል ውስጥ ሁሉም አውቀዋል። ኤደላዊት ከአጠገቤ ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አላደረግኩም በለኝ። አንዴ ብቻ።»

አፉን ከፈተ። ከበላይዋ፣ ከሳሎኑ ኮርኒስ ሥር፣ የካሜራዋ ትንሽ መስታወት ታበራለች። አርባ አንድ የሚለው ቁጥር መጣበት። ሁለተኛው ቃሉ ሠላሳ ቢያገኝስ? ሃያ ቢያገኝስ? አፉን ዘጋ።

«እማዬ ጠበቃዋ ነች ዝም በል ያለችው ትላለች። እኔ ግን ጠበቃ አይደለሁም። ልጅህ ነኝ።»

ዝም አለ። ራሱንም አልነቀነቀም። እጆቹ የሚሄዱበት ስለጠፋቸው ከኋላው አጣመራቸው።

«ዝም ስትል እኮ ያደረግከው ነው የሚመስለው» አለች። አላለቀሰችም። ጥቂት ጠበቀችው፤ ከዚያ ዞራ ወደ ቤት ገባች።

በነጋታው ቤዛዊት ቁርሱን ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ «የሺ ይርጋለም ሄደች። እህቴ ጋ ትቆይ» አለችው። ቀጥ ብላ ነው የተናገረችው፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግር። እሱም ራሱን ዝቅ አደረገ። ሰሃኑን እስከ ማታ አላነሳውም።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ አንድ ዓይነት ሆኑ። ጠዋት ተነስቶ አሞራ ገደል ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲጭኑና ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ አሞራዎች ሲሻሙ ቆሞ ያያል። ለራሱ ማጉረምረም እንኳ ስለሚመዘን ከንፈሩን ነክሶ መሄድ ለመደ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያከማቸው ሰው ሁሉ የት እንደገባ አያውቅም። ከክሊኒኩ የመጣ የለም። ዶክተር ኖላዊ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ምሳ የበላ፣ የሺመቤት በአምስት ዓመቷ ክንዷን ስትሰበር በበዓል ቀን ተነስቶ የመጣላት ሰው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶት ከመኪናው ሆኖ እጁን አነሳለት። አልቆመም።

በአምስተኛው ሳምንት ጠበቃዋ ቢሮ ሲገባ ድምፁ እምቢ አለው። ሁለት ጊዜ አስሎ ነው የወጣለት።

«ዛሬ ዕቃ ነው የምንቆጥረው» አለችው ወይዘሮ ሶልያና። «ክፍሉ ውስጥ ምን ነበር? አንድም አይዝለሉ።»

ቆጠረላት። አልጋ። መጋረጃ። የሴረም መስቀያ። የውሃ ጆግ። ጉልበት የሚያንቀሳቅሰው ማሽን።

«ማሽኑ ምን ያደርጋል?»

«እግር ይታሰርበታል፤ ጉልበቱን ቀስ እያለ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። በሽተኛው ተኝቶም ቢሆን።»

«ይጽፋል?»

«ምን?»

«ያደረገውን ይመዘግባል ወይ ነው የምልዎ። መቼ እንደሠራ፣ መቼ እንደቆመ።»

ኢዮስያስ ቀና አለ። «ይመዘግባል። ስንት ዲግሪ እንዳጠፈ ለማየት። ከበሩ መዝገብ ጋር አልተገናኘም፤ በራሱ ሆድ ውስጥ ነው የሚይዘው። በየሦስት ወሩ ጥገና ሲደረግለት ይጠፋል።»

«የሚቀጥለው ጥገና መቼ ነው?»

«ሐምሌ አሥራ ሁለት።»

ቀኑ ሐምሌ ስድስት ነበር። ወይዘሮ ሶልያና የቀረውን ቆሎ ወደ ኪሷ መልሳ ተነሳች። «ይሂዱ ወደ ቤትዎ። ሰዓታችን አላለቀም፤ እኔ ግን ፍርድ ቤት መድረስ አለብኝ።»

ዳኛው ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ማስረጃ እንዳይጠፋ የሚያዝ ትእዛዝ ገና ባልተከሰሰ ሰው ስም መጠየቅ የተለመደ አልነበረም። ትእዛዙ የወጣው ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ውጤቱን በአርባ ዘጠነኛው ቀን አሳየችው። ግንቦት ዘጠኝ፣ ኢዮስያስ ክፍሉ ውስጥ በነበረበት አሥራ ሁለት ደቂቃ ማሽኑ ሳያቋርጥ ሠርቷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ግን በእጅ ቆሟል። ዘጠኝ ከአርባ አራት ላይ በእጅ ተነስቷል። በእነዚያ አሥራ ሦስት ደቂቃዎች የበሩ መዝገብ ባዶ ነው። የኢዮስያስ አምባር ደግሞ አትክልቱን አልፎ ባለው ሕንፃ፣ ገንዳው ውስጥ፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር አምባር ጎን ነበር።

«ራሱን አያቆምም?»

«አያቆምም። ቁልፉ ከላይ ነው። በአውራ ጣት ሁለት ጊዜ ይጫናል።»

«ስለዚህ አውራ ጣት ያለው፣ አምባር የሌለው ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር።» መነጽሯን አወለቀች። «ክሊኒኩ ውስጥ ነፃ ማነው?»

ነፃ የሚባሉት በሮች የማይመዘግቧቸው ሰዎች ናቸው። በመላው ሐዋሳ አርባ አይሞሉም። ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ ጥቂት ዳኞች፣ እነሱን የሚያክሙ ሐኪሞች።

ኢዮስያስ ዝም አለ።

«አቶ ኢዮስያስ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት ክልክል ነው።»

«ዶክተር ኖላዊ» አለ።

«አይተውታል?»

«ለአሥር ሩብ ጉዳይ ገደማ ፎጣ ልወስድ ከገንዳው ወጥቼ ወደ ዋናው ሕንፃ ተሻግሬ ነበር። ከክፍል አራት ሲወጣ ተገናኘን። በሩን ቀስ አድርጎ እየዘጋ ነበር። ‹ኢዮሲ፣ ተኝታለች፣ አትረብሻት› አለኝ። እሺ ዶክተር ብዬ ሄድኩ።»

«ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሐኪም በሽተኛውን ሊያይ ይገባል። ወንጀል አይደለም። ደግሞ ስሙ የተነሳ ሰው ምን እንደሚሆን አሁን አውቀዋለሁ። በማላውቀው ነገር ሰው ላይ አላመጣውም አልኩ።» «ወዳጄ ነው» ሲል ጨመረ።

ወይዘሮ ሶልያና መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ያዩትን ለእኔ ነገሩኝ፤ እዚህ ይቅር። እርስዎን ለማውጣት ማሽኑ ይበቃኛል። ነፃ የሆነ ሰው ስም ከጠሩ ነገሩ ሌላ ነው። የእኔ ሥራ እርስዎን ማውጣት እንጂ ሌላ ሰው ማስገባት አይደለም።»

የማሽኑን መዝገብ ይዛ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ አራት ጊዜ ተቀመጠች። ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን፣ በሰባ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ኢዮስያስ ሐይቁ ዳር ቆሞ ሳለ አምባሩ ተናገረ። መዝገቡ ተዘግቷል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን። መልካም ቀን። ቢጫው ጠፋ። አጠገቡ መረብ የሚያራግፈው ዓሣ አጥማጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየውና «እንዴት አደሩ?» አለው።

ቤት ሲገባ የሳሎኑ በር ተከፈተለት። ቤዛዊት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ሰምታለች። ተነስታ አቀፈችው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተላቃ፣ ፊቱን ሳታይ፣

«ጠርጥሬህ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«መጀመሪያ ለሦስት ቀን። በኋላ ደግሞ የሺ ስትሄድ ለአንድ ሳምንት። ሌላ ሰው ከሚነግርህ ብዬ ነው።»

«እሺ» አላት። አልተቆጣትም፤ ግን ያን ቀን ምሳ ሲበሉ ሁለቱም ጨው እንዳነሰ ነው ያወሩት።

የሺመቤት በማግስቱ ከይርጋለም መጣች። በሩ ላይ ቦርሳዋን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አልጠየቀችውም። እሱ ግን «አላደረግኩም» አላት፣ ሰሚው እየሰማ፣ ጮክ ብሎ። «አውቄያለሁ አባዬ፣ ነግረውኛል» አለችው። ከእሱ አፍ ሳይሆን ከሌላ ሰው መስማቷ ለምን እንዳሳዘነው ለራሱም አልገባውም።

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ሶልያና ደወለች። «ዘቢደር ላነጋግርዎ ትፈልጋለች። እምቢ ማለት ይችላሉ። በእርስዎ ቦታ ብሆን እምቢ እላለሁ።»

ሄደ። ዘቢደር በጠበቃዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ቀጭን፣ ፀሐይ የመታት ልጅ ናት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ሲገባ አልተነሳችም።

«ስምዎን እኔ አልጠራሁም» አለችው። «ይህን እንዲያውቁ ፈልጌ ነው። ማን ነው አሉኝ፤ አላየሁም አልኩ። የገባው አንድ ወንድ ብቻ ነው፣ ይሄ ነው፣ ብለው ፎቶዎን አሳዩኝ። እሱ ከሆነ እሱ ነው አልኩ። ምን ልበል?»

«ልክ ነሽ።»

«አሁን ደግሞ እሱ አይደለም አሉኝ። ታዲያ ማን ነው ስላቸው ክፍሉ ባዶ ነበር ይላሉ። መዝገቡ ላይ ማንም የለም፤ ስለዚህ የሚከሰስ የለም። ታዲያ ይህን ያደረገብኝ ማነው? ማንም?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሌላ ሰው አይተዋል?»

ወይዘሮ ሶልያና እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ከመመለስዎ በፊት ይስሙኝ። ነፃ ሰው ላይ ምርመራ የሚከፈተው ዓይኑ ያየ ምስክር ሲገኝ ብቻ ነው። ምስክሩ ፍርድ እስኪሰጥ ቢጫ ይሆናል። በጤና ተቋም አይሠራም። ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ቃሉ ካልጸና በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለዓመት። ምናልባት ከዚያ በላይ።»

ኢዮስያስ ልጅቱን አያት። እሷ ደግሞ እሱን ሳይሆን ከንፈሩን ነበር የምታየው፤ ቃሉ ከዚያ እስኪወጣ እንደምትጠብቅ።

«አይቻለሁ» አለ። «ስሙን ነገ ለዐቃቤ ሕጉ እናገራለሁ።»

«አይተው ነበር?»

«አዎ።»

«ሰባ ቀን ሙሉ?»

«አዎ።»

ዘቢደር ተነሳች። ወንበሩን አልመለሰችውም፤ በሩንም አልዘጋችውም። ደረጃውን በአንድ እግሯ እየቀደመች ስትወርድ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሰሟት።

ማታ ራት ላይ ለቤዛዊትና ለየሺመቤት ነገራቸው። ቤዛዊት ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

«ገና አራት ቀንህ እኮ ነው ከወጣህ!»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ያየ ሰው የለም? ነርሶቹ የት ሄዱ?»

«ያየሁት እኔ ነኝ ቤዚ።»

«ደግሞ ስንት ቀን ዝም ልንባባል ነው?» ብላ ተነሳች። ሰሃኖቹን ከሚገባው በላይ አጠበቻቸው። ጠዋት ግን ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ አስቀምጣለት ወደ ሥራ ሄዳ ነበር።

ከእሱ ጋር የሄደችው የሺመቤት ናት። ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀችው። ሲወጣ አምባሩ ቢጫ መሆኑን አየች። ሁለት ባጃጆች አለፏቸው። ሦስተኛውን ሳይጠብቁ በእግራቸው ሄዱ። እሱ የሚያወራው አልነበረውም፤ ስለዚህ እሷ አወራች። ስለ ይርጋለም አክስቷ ዶሮዎች፣ ስለ ፊዚክስ መምህሯ፣ ከኤደላዊት ጋር እንዴት እንደተጣሉ፣ እንዴት እንደታረቁ፣ እንደገና እንዴት እንደተጣሉ። አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ቤት እስኪደርሱ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችም።

ጉዳዩ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ነርሶች ኢዮስያስ መመስከሩን ሲሰሙ እነሱም ያዩትን ተናገሩ። አንዲት ሌላ ታካሚም በእሷ ላይ የደረሰውን ልትናገር ከዲላ መጣች። እሱ በዚያ ጊዜ ሁሉ ቢጫ ነበር። በአንድ የችግኝ ጣቢያ አፈር ሲሞላና ሲያመላልስ ቆየ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ስምንት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ምሳቸውን ከዛፉ ሥር ሲበሉ እሱ ከቧንቧው አጠገብ ይበላል። ማንም ሂድልን አላለውም። ማንም ና አላለውም።

ችሎት ላይ ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። «ያዩትን ይዘው ሰባ አምስት ቀን ዝም ያሉት ለምንድን ነው?»

ዶክተር ኖላዊ ከፊት ወንበር ላይ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ኢዮስያስ አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ክብርት ሆይ፣ ፈራሁ» አለ። «ወዳጄም ነበር።»

ፍርዱ የተነበበው ኅዳር ወር ውስጥ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት። በሮች የማይመዘግቧቸው ሰዎች ሕግ አልተለወጠም፤ የዶክተሩ ስም ብቻ ከዝርዝሩ ወጣ። ኢዮስያስ ኮሪደሩ ላይ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጦ ቢጫውን የሚያጠፋለትን ወረቀት ይጠብቅ ነበር። ቤዛዊት ፈተና እያስፈተነች ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመጣው። ዘቢደር ከችሎቱ ብቻዋን ወጣች። እናቷ ውስጥ የሚፈረም ነገር ቀርቷቸዋል። አይታው ቆመች።

«አሥራ ሦስት ዓመት» አለች።

«ሰማሁ።»

«አመሰግናለሁ ልልዎ ነበር። ቤት ሆኜም ሞክሬው ነበር። አልወጣልኝም።»

«አትበይ።»

«ሰባ ቀን ሙሉ በሕልሜ የሚመጣው ፊት የእርስዎ ነበር። ያሳዩኝ ፎቶ። አሁን ማን እንደሆነ አውቄም፣ ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ አይቼውም፣ አንዳንዴ የሚመጣው የእርስዎ ነው።»

አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ በልቡ ያጠራቀመው ቃል ሁሉ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ሆኖ አገኘው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን መስማቷ አልታወቀም። ወደ ደረጃው አየች፣ ወደ ችሎቱ በር አየች፤ እናቷ ገና አልወጡም። ኮሪደሩ ላይ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። መጥታ በአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ ነበር። የሚያልፉት ሰዎች ቦታውን እያዩ፣ የእሱን ቢጫ እያዩ አለፉ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው የየራሳቸውን ሰው ጠበቁ።